ቢቸግረውና ቢተርፈው

የቆመ መኪና ከመጠገን «የተሻሻለ» መኪና መጠገን ይከብዳል። የቆመ መኪና ጠላቱ ዝገት፣ አቧራና አይጥ ነው። የሦስቱም ሥራ ይታወቃል። የተሻሻለ መኪና ላይ ግን ትግሉ ከሰው ሐሳብ ጋር ነው። ይህ ሽቦ ለምን በዚህ አለፈ? ይህ ቀዳዳ ምን ሊገባበት ተቆረጠ? ይህ ብሎን ቢፈታ ምን ይወድቃል? መልሱን የሚያውቀው ሰው መኪናውን ሸጦ፣ ስልኩን ቀይሮ ሄዷል።

የኔዋ ቮልስ ናት። አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። የአባቶቻችን ዘመን ሰው መንዳት የለመደባት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት መኪና ናት። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ ከሩቅ ይለያል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋን ሠርቶ ሲያቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተው ነበር። ስለዚህ ብርቅ መኪና አይደለችም። ብርቅ የሆነው ማንም ያልነካካት ቮልስ ነው።

ያልተነካካችውን ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ሻጭ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጓል። በደንብ የተያዘች ቮልስ ዋጋዋ ሲጠራ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ ያገኘኋት ሌላዋን ነው። ድፍን ጥቁር፣ አንጸባራቂ ያልሆነ ቀለም ተቀብታለች። ጎማዎቿ ከጎማ መሸፈኛው ከፓራፋንጎው ወጥተው ይታያሉ። የግጭት መከላከያው ፓራውልት የላትም። የኋላ ኮፋኖዋ ላይ በግራይንደር የተቆረጡ መስኮቶች አሉ። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ ላይ ደግሞ ለስፒከር ሁለት ትልልቅ ክብ ተቆርጦበታል። ስፒከሮቹን ባለቤቱ ነቅሎ ወስዷቸዋል። ቀዳዳው ግን ለእኔ ቀረልኝ፣ የጭስ ማውጫውም ጭስ በዚያው በኩል እየገባ። መኪናዋ ስትነሣ ሰፈሩ ይሰማል። ለመነሣት ግን ቀኑን ትመርጣለች። ሻጩ «አሪፍ ሙድ አላት» አለኝ። ሊብሬዋ ንጹሕ ነበር። ዋጋዋም እንደ ሁኔታዋ ነበር። ገዛኋት።

መጀመሪያ ያደረግሁት ወንበሯን ማንሣት ነው። ይህን ለማንም እመክራለሁ፣ ቁልፍ ከመያዝ በፊት። ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጎበጥ ያለ ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ይህ ቁጥር የመኪናዋን ዓይነት ይናገራል። በ11 ከጀመረ ይህችው የምናውቃት ድፍን ጣሪያዋ ናት። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። የኔዋ 116 ብላ ትጀምራለች። ከኦገስት 1965 እስከ ጁላይ 1966 ከተሠሩት አንዷ ናት ማለት ነው። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው፣ እሱም በኤፍ ፊደል ይጀምራል። ይህ የ1300 ሞተር ምልክት ነው። ከሊብሬው ጋር አስተያየሁት፣ ገጠመ። በእነዚያ ሁሉ እጆች አልፋ ሞተሯን አልቀየሩባትም! ሊብሬው ላይ ሌላም ነገር ነበር። ቀለም የሚለው ቦታ «ነጭ» ይላል።

ይህ ዝርዝር ለመጽሔት አይደለም፣ ለኪስ ነው። ቮልስ ከውጭ ስትታይ ዘመኗን ሁሉ አንድ ናት። ከውስጥ ግን በየዓመቱ ተቀያይራለች። የ1966ቷ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው። በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ ወደ 12 ሄዱ። የ1966ቷ ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበት ብረት፣ በአምስት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብም ስፋቱ 205 ሚሊሜትር ነው። ከ1968 ሞዴል ወዲህ የመጡት በብዛት አራት ብሎንና 130 ሚሊሜትር ሆኑ። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ገብቶ «የቮልስ ዕቃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ብር መበተን ነው። ዕቃው ይኖራል። ያንተ አይሆንም።

ከዚያ ወደ ጋሼ ወሰድኳት። ጋሼ ቄራ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸውን በቮልስ ሥር ተኝተው የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል፣ «ወረፋ ታበዛብኛለህ» ብለው። ያን ቀን ምንም አልፈቱም። ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ሥሯን አዩ፣ ኮፋኖዋን ከፍተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ እያመለከቱ ይለዩልኝ ጀመር። «ይሄን ያደረገው ሰው ቢቸግረው ነው። ይሄን ያደረገው ግን ቢተርፈው ነው። ይሄኛውም ቢተርፈው ነው። ይቺ ደግሞ ቢቸግረው።»

ሥራው በሙሉ ከዚያ በኋላ በዚህ ሚዛን ሄደ። የተረፈው ያደረገው ይነሣል። የቸገረው ያደረገው ይታያል።

በጣም የጎዳት ሞተሯ ላይ የተደረገው ነው። እሱን ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ስንት ቮልስ በዚሁ እየሞተች ነው።

ቮልስ ውሃ የላትም። ሞተሯን የሚያበርደው አየር ነው። አየሩ ግን ዝም ብሎ ነፍሶ አያበርድም፣ መንገድ ተሠርቶለታል። ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ገብቶ፣ ማራገቢያው ስቦት፣ በላሜራ ሽፋን ውስጥ ተገፍቶ፣ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ሾልኮ፣ ግሎ ወደ ታች ወደ መሬት ይወጣል። ሞተሩን ዙሪያውን ከበው የሚታዩት ላሜራዎች ለጌጥ አይደሉም። የሞተሩን ክፍል ከላይና ከታች ለሁለት ይከፍሉታል። ላይኛው ቀዝቃዛ፣ ታችኛው ትኩስ። በላሜራው ጠርዝና በመኪናው ገላ መካከል ደግሞ ዙሪያውን የሚሄድ ጎሚኒ አለ። ያ ጎሚኒ ከሌለ ማራገቢያው ከሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ ይተነፍሳል ማለት ነው።

አሁን የሆነውን ስሙ። የሆነ ጊዜ የነበረ ባለቤት ሞተሩ «እንዲታይ» ፈለገ። ዙሪያውን ያሉትን ላሜራዎች አወጣቸው፣ የማራገቢያውን ሽፋንም ኒኬል አስነከረው። እውነትም ታየ። ከዚያ ሞተሩ መጋል ጀመረ። እሱ ወይም ቀጣዩ ሰው «አየር አጥሮት ነው» አለና ኮፋኖው ላይ መስኮት ቆረጠ። አልበረደም። ኮፋኖው በብረት ዘንግ ተደግፎ ክፍት እንዲሄድ ተደረገ። አልበረደም። ሌላ ሰው ደግሞ ከሲሊንደሮቹ ሥር ያለውን ቴርሞስታትና እሱ የሚከፍትና የሚዘጋቸውን ክዳኖች «የሚያፍነው ይሄ ነው» ብሎ ነቀላቸው። ቴርሞስታቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ ክዳኖቹን የሚከፍት ነገር ነው፣ ማፈን ሥራው አይደለም። እሱ ሲነቀል የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ዘይቱም እስኪሳሳ ድረስ ብረት ብረትን ይበላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠዋት በብርድ፣ ቀን በሙቀት የሚያልቅ ሞተር ሆነ። አንዱ መፍትሔ የሌላውን መፍትሔ ሊያክም እየመጣ።

በዚህ ላይ የአዲስ አበባን ከፍታ ጨምሩበት። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል፣ ሞተሩም ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። የ1300ዋ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እዚህ 30 ገደማ ናት። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጋ እንጦጦን ስትወጣ ከሠላሳው አንዲቱም አትተርፍም።

ጋሼ የየሲሊንደሩን ግፊት ሲለኩ ሦስተኛው ወድቆ ተገኘ። ሲያዩት አልደነቃቸውም። በዚያ ዘመን ቮልሶች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛውና አራተኛው በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው የሚደርሰው። ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ አውጥቶ ነው ይህን ያረመው። ጤነኛ ቮልስ ይህን ችላ ትኖራለች። ላሜራዋን ያወለቁባት ግን አትችልም። የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ የሦስተኛው የጭስ መውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ነበር።

ጥገናው ከሚያስፈራው በላይ ርካሽ ሆነ። አንድ የሰፈር ሰው ያልተነካካች ቮልስ አለቻቸው። «ትንሽ እናስቸግርዎት» ብለን የእሷን ላሜራዎች ካርቶን ላይ ልካቸውን አነሣን። ቀጥቃጩ ከቁርጥራጭ ላሜራ አወጣቸው። የፋብሪካ መልክ የላቸውም፣ አየር ግን አያሳልፉም። ኒኬል የተነከረውን ሽፋን ጥቁር ቀባነው። ቴርሞስታቱንና ክዳኖቹን ከወደቀች ቮልስ ላይ አገኘን። ማንም ስለማይፈልጋቸው በሻይ ዋጋ። ቫልቮቹና ዙሪያውን የሚሄደው ጎሚኒ ግን እዚህ የሚታመን አላገኘሁም። እነሱ በሻንጣ ነው የመጡት።

ስለ ሻንጣው ትንሽ። ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ስትመጣ ሻንጣዋ የሰው ዕቃ ነው፣ ስትመለስ በርበሬና ሽሮ። አሜሪካ ውስጥ የቮልስ ዕቃ ዛሬም አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። ቀላልና ትንሽ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላት፤ ቫልቭ፣ ጎሚኒ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፑንቲና፣ የካርቡራተር መጠገኛ። ብረት የሆነና የሚከብድ ነገር ከዚያ ማስመጣት ሞኝነት ነው። ከባዱን ቶርኖ ቤት ይሠራልሃል፣ ወይም የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ ይገኛል። «ይሄ ሁሉ ላስቲክ ለአንድ መኪና ነው?» አለችኝ ስትሰጠኝ። ነው አልኳት።

ካርቡራተሯ የእሷ አልነበረም። ከሌላ ትልቅ ሞተር የመጣ፣ በእጅ በተሠራ ብረት የተቀጠለ ነው። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ። ጥቁር ጭስ ነው የጨመረው። ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ለብሰው ወጡ። ትክክለኛው ሶሌክስ 30 የሚባለው ነው። አሮጌውን አግኝተን አጸዳነው፣ ጎሚኒውን ቀየርን። ቤንዚን የሚለካውን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳም ከፋብሪካው አንድ ቁጥር ዝቅ አደረግን፣ ለከፍታው። አለቀ። የቤንዚን ቱቦዎቹን ግን አንድም ሳናስቀር ለወጥን። ቱቦው ተሰንጥቆ የሚንጠባጠበው ዲስትሪቢተሩ አጠገብ ነው። የቮልስ እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው፣ ያውም ሾፌሩ ከኋላው ሳያይ።

የሽቦው ጉዳይ ሌላ ዓለም ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር እጄን ስሰድ እንደ ተተራመሰ ድር የሆነ ነገር ያዝኩ። የሙዚቃው ማጉያ ቀጥታ ከባትሪው ያለ ፊውዝ ተወስዷል። የኒዮን መብራት ሽቦ አለ፣ መብራቱ የለም። የሚጮኽ ነገር ሽቦም አለ፣ የሚጮኸው ምን እንደነበር አላወቅንም። የጀርመን መኪና በዚህ ረገድ ደግ ነው። ቀለሙ ሕግ አለው። ቡናማ ሁልጊዜ መሬት ነው። ቀይ ከባትሪ ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው ነው። መጋጠሚያዎቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ 30 ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ 15 ከቁልፍ፣ 31 መሬት፣ 50 ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖ። ይህን ካወቅህ ከፋብሪካው የቀለም ሕግ ውጭ የሆነውን ሽቦ ሁሉ እንግዳ ነው ብለህ ትከተለዋለህ። አብዛኛውን እኔው ነቀልኩት፣ ማታ ማታ፣ ባትሪው ተፈትቶ። የወጣው ሽቦ ከገባው በላይ ሆነ።

ከኋላ ወንበር ሥር ያለችውን ባትሪ ሳትሸፍን የምትነዳ ቮልስ ያለችህ ሰው ግን ዛሬውኑ ሽፋን አድርግባት። የወንበሩ ሞላ ብረት ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ብሎ የባትሪውን ሁለት ራስ ይነካል። ወንበሩ ውስጥ ያለው ጭድና ጥጥ የቀረውን ይጨርሰዋል።

እዚያው ባትሪ ሥር ነው «ቢቸግረው» የተባለውን ያየሁት። የባትሪ አሲድ የቮልስን ወለል ይበላል፣ የታወቀ ነው። የኔዋም ተበልቶ ነበር፣ ከብዙ ዓመት በፊት። አንድ ሰው ከበርሜል ላሜራ ቆርጦ፣ የፋብሪካውን ጉብታና ስርጉድ እየተከተለ ቀጥቅጦ፣ በጋዝ በይዶታል። ከሥር ሲታይ የበርሜሉ ፊደላት ጥላ ትንሽ ይነበባል። ብየዳው ዛሬም ውሃ አያሳልፍም። ጋሼ በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ይሄን አትነካውም» አሉኝ። አልነካሁትም።

ኤሌክትሪኳም ወደ 12 ቮልት የተቀየረው ያኔ ይመስላል። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ዕቃ የማይገባበት ጊዜ ነበር። የ6 ቮልት አምፖልና ባትሪ ማን ያመጣል? ገበያ ላይ ያለው 12 ነው። ሰውዬው ዲናሞውን ቀየረ፣ አምፖሎቹን ቀየረ፣ ለዝናብ መጥረጊያው ጉልበት የሚቀንስ ነገር ጨመረበት። ሞተሪኖውን እንዳለ ተወው። የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ በ12 ሲሠራ ሞተሩን ፈጥኖ ያዞረዋል፣ ለአጭር ጊዜ ስለሆነም ይችለዋል። የነዳጅ ጌጁ በገመድ የሚሠራ ስለሆነ አልተነካም። የተነካው ሁሉ ምክንያት ነበረው። የውጭ አገር አፍቃሪዎች ይህችን መኪና ወደ 6 ቮልት ካልመለስካት «እውነተኛ» አይደለችም ይሉኝ ይሆናል። እነሱ ለሰልፍ ነው የሚያወጧት። እኔ በሐምሌ ዝናብ ማታ ከመገናኛ ወደ ቤቴ እመለስባታለሁ፣ መብራት ያስፈልገኛል።

ከበታቿ ግን ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። የቮልስ ፊት እንደ ሌላው መኪና በጥምዝ ሞላ አይደለም የቆመው። በሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ የተደረደሩ ረጃጅም የብረት ቅጠሎች አሉ፣ እነሱ ሲጠማዘዙ ነው መኪናውን የሚሸከሙት። ዝቅ እንድትል ፈልጎ ከቅጠሎቹ የተወሰኑትን ያወጣ ሰው ነበር። ዝቅ ማለቱን ብላለች። ግን በአዲስ አበባ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ጉድጓድና የፍጥነት መቀነሻ፣ ፊቷ በእያንዳንዱ ዕርምጃ መሬት ይደርስ ነበር። ሰፋፊ ቸርኬዎቹ ደግሞ በመካከል በገባ ወፍራም ብረት ነው የታሰሩት፣ ከሌላ መኪና ስለሆኑ። ያ ብረት ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ክብደቱ በሙሉ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፣ መሪውም ክንድ ይቆርጣል። ጎማው እንዳይነካ ፓራፋንጎው ጠርዙ በግራይንደር ተበልቷል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ብር የዚያኔ ሞተሯን አዲስ ያደርግላት ነበር።

ፓራፋንጎ ቮልስ ላይ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ ስለዚህ አራቱንም ከወደቁ መኪናዎች ሰብስቤ ቀየርኩ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ ሁለቱ ክሬም ነበሩ። ለጥቂት ወራት በዚያ መልኳ ስነዳት ሕፃናት በጣም ወደዷት።

በቅደም ተከተሉ ላይ ግትር ነበርኩ። መጀመሪያ ፍሬንና መሪ፣ ከዚያ ቤንዚንና ሽቦ፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ገላ፣ ቀለም በመጨረሻ። ጓደኞቼ ሁሉ ተቃራኒውን መከሩኝ። ቀለም ስትቀባ ትነቃቃለህ አሉ። እኔ ስንት የተነቃቃ ሰው መኪና በሚያምር ቀለም ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲፈርስ አይቻለሁ። ቀለም ካለቀ በኋላ ብር ይደክማል፣ ልብም ይደክማል።

ፍሬኗ ላይ ግን እኔም እጄን አስገባሁ። የ1966ቷ የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ነው። አንድ ጎማ ጋ ቱቦ ቢቀደድ አራቱም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። በኋላ የተሠሩት ላይ ለፊትና ለኋላ የተለያየ መስመር አላቸው። ያንን ፓምፕ ከነማጠራቀሚያው አግኝተን ገጠምን፣ ቱቦዎቹን አዲስ አስጠመዘዝን። ከበሮዎቹን ቶርኖ ቤት አስላግን፣ ሸራ አስለጠፍን። ሁሉ ሲያልቅ ጋሼን «ይሄስ? ቢቸግረው ነው ቢተርፈው?» አልኳቸው።

«ፈርቶ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

የገላዋ ሥራ የማግኔት ሥራ ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ዙሪያዋን አስኬድኩት። የማይያዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም የመሙያ ልስን፣ ነው። የግራ ጎኗ ከበሩ በኋላ ያለው ቦታ ጣት የሚያህል ስቱኮ ወጣበት። ከሥሩ ያለው ላሜራ ተጨማዶ እንጂ አልዛገም ነበር። እዚህ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ቮልሶቻችን የሚዝጉት ውሃ የሚተኛባቸው ቦታ ብቻ ነው። ባቲላሜራው ወጣት ልጅ ነው። «ስቱኮውን መልሼ ልሙላው፣ በአንድ ቀን እሰጥሃለሁ» አለኝ። «ቀጥቅጠው፣ ሳምንትም ይፍጅ» አልኩት። አጉረመረመ። በሦስተኛው ቀን ግን ላሜራው መልኩን ሲይዝ እሱ ራሱ ፎቶ አንሥቶ ለጓደኞቹ ሲልክ አየሁት። የስፒከሮቹን ክብም ዘጋልኝ። ጭሱ ቆመ። ኮፋኖው ላይ ያሉት መስኮቶች ብዙ ብየዳ ስለሚፈልጉ ሌላ ኮፋኖ መግዛት ይሻል ነበር፣ ገዛሁ።

ጥቁሩ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ቢጫ፣ ከሁሉ ሥር ነጩ ወጣ። ያልደረሱበት ቦታ አንድ ነበር፣ ከፊት ኮፋኖ ውስጥ ከዳሽቦርዱ ጀርባ። እዚያ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ተቀምጧል፣ ፋብሪካው ኤል 87 የሚለው ዕንቁ ነጭ። ነጭ ይባላል እንጂ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል። ቀለም ቀላቃዩ ከዚያ ላይ ተመልክቶ አወጣልኝ። ከሊብሬው ጋርም ታረቅን። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቀለሟን እያዩ ጥያቄ የሚያነሡ አይኖሩም።

የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታዋ በሁለት ቀጫጭን ጭስ ማውጫ ተመልሷል። ድምፅዋ የቮልስ ሆኗል። የቀረ አለ። በሮቿ ውስጥ ያለው ልብስ አልተሠራም። የፊት ወንበሮቿ ከሌላ መኪና የመጡ ናቸው፣ አጥንታቸው ጥሩ ስለሆነ ለጊዜው ይቆዩ ብያለሁ። የቀኝ መስኮቷ መዞሪያ ፒንሳ ነው።

ሰፋፊዎቹን ቸርኬዎች ለመሸጥ ሰው አፈላለግሁ። አንድ ወጣት መጣ፣ እሱም ቮልስ አለው። ቸርኬዎቹን እያገላበጠ በዓይኑ ሲበላቸው ቆየና፣

«ጋሼ፣ በመካከል የሚገባው ወፍራሙ ብረትስ?» አለኝ። ጋሼ መባል ጀምሬያለሁ።

«እሱን አልሸጥም። አስቆርጬዋለሁ። ኩሽኔታህን ይበላዋል፣ መሪህንም ያከብደዋል። ፓራፋንጎውንም ትቆርጣለህ።» ፊት ለፊት ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። በትሕትና አዳመጠኝ። ራሱን ነቀነቀ። ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ያ ብር የፍሬን ፓምፑን ዕዳ ዘጋልኝ። ቸርኬዎቹን ጭኖ ሲጨርስ በመስኮት አንገቱን አወጣና፣

«እሺ፣ ብረቱን የሚያወጣ ቶርኖ ቤት ግን ታውቃለህ?» አለ።